«ሃይማኖት ወደ ቤቱ ይግባ» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

«ሃይማኖት ወደ ቤቱ ይግባ» በሚል ርዕስ የቀረበውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። የጸሐፊው ብዕር ስል ነው፤ አንባቢን ይዞ የመጓዝ ችሎታቸውንም አደንቃለሁ። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕዝብ ሲማርና ሲበለጽግ ሃይማኖት በራሱ ጊዜ ይከስማል፤ እስኪከስም ግን ጦርነት ይወልዳል፣ ሳይንስንም ያንቃል፤ ስለዚህ መንግሥታት ፈረንሳይን አርአያ አድርገው ከአደባባይ ያስወጡት፤ በእጁ ያሉትን ትምህርት ቤቶችና የበጎ አድራጎት ተቋማትም ይረከቡት። ነጥቦቹ አምስት ናቸው፤ በየተራ እመጣባቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእኔ ተቃውሞ «ሃይማኖት ንጹሕ ነው» የሚል አይደለም። ጸሐፊው ከዘረዘሯቸው በደሎች አብዛኞቹ በእርግጥ ተፈጽመዋል። ነገር ግን ምሳሌዎቻቸውን አንድ በአንድ ብትመረምሩ፣ ከቄሱ ወይም ከሼኹ ጎን ሁልጊዜ አንድ ሌላ ሰው ቆሞ ታገኙታላችሁ፤ ወታደር የሚያዝ፣ ግብር የሚሰበስብ፣ የእስር ቤት ቁልፍ የያዘ ሰው ነው። ጸሐፊው ይህን ሰው አይተው አልፈውታል፤ ከዚያም የመፍትሔውን ሁሉ አደራ የሚሰጡት ለእርሱው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ። «ትምህርትና ሀብት በገባበት ሃይማኖት ይወጣል» ይሉና ስዊድንን፣ ቼክ ሪፐብሊክንና ጃፓንን በምስክርነት ይጠራሉ። የሶሲዮሎጂ ሊቁን ፒተር በርገርንም ይጠቅሳሉ። በርገር በ1968 ለኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በሰጡት አስተያየት፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን አማኞች የሚገኙት ዓለማዊውን ባህል ለመቋቋም እርስ በርስ ተጠጋግተው በሚኖሩ ጥቃቅን ቡድኖች ውስጥ ብቻ እንደሚሆን መተንበያቸው እውነት ነው። ጸሐፊው የዘለሉት ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው፤ እኚሁ ሰው በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ ዓለም በሙሉ ወደ ዓለማዊነት እየሄደ ነው የሚለው ግምት ስሕተት መሆኑን በግልጽ አስፍረዋል። ምስክር ከተጠራ ቃሉን እስኪጨርስ መጠበቅ ይገባ ነበር።

ቁጥሩም ቢሆን እርሳቸው እንዳሉት አይደለም። የፒው የምርምር ማዕከል ባወጣው ስሌት በ2020 ከዓለም ሕዝብ ከ4 ሰዎች 3ቱ ያህል ራሳቸውን ከአንድ ሃይማኖት ጋር ያቆራኛሉ፤ «ሃይማኖት የለኝም» የሚሉት 24 በመቶ ገደማ ናቸው። በእርግጥ በብዙ አገሮች ቁልቁለቱ እውነተኛ ነው። የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ድርጅቱ ጋሉፕ እንደመዘገበው በአሜሪካ በ1999 የአብያተ ክርስቲያናት፣ የምኩራቦችና የመስጊዶች አባል የነበረው ከጎልማሳው ሕዝብ 70 በመቶ ነበር፤ በ2020 ግን 47 በመቶ ብቻ ሆነ። ይህን የሚክድ አማኝ ራሱን ያታልላል። ጥያቄው ግን ለምን እዚህ ወረደ፣ ለምን እዚያ አልወረደም የሚለው ነው፤ የጸሐፊው ቀመርም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ደቡብ ኮሪያ ከድህነት ወደ ኢንዱስትሪ በተሸጋገረችባቸው ዐሥርት ዓመታት ክርስትና በከተሞቿ ውስጥ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። ከዚያ ደግሞ በ2015ቱ የሕዝብ ቆጠራ 56 በመቶው ሃይማኖት የለኝም አለ። አንድ ምክንያት አንድን ነገር ሲያሻው የሚያበዛ፣ ሲያሻው የሚቀንስ ከሆነ ብቻውን ምክንያት ሊባል አይችልም። ጃፓንን ደግሞ ባያነሷት ይሻል ነበር። ሃይማኖት የለኝም ብሎ ለጠያቂ የሚመልሰው ጃፓናዊ በአዲስ ዓመት ወደ ሺንቶ መቅደስ ይሄዳል፤ ሲሞትም ብዙውን ጊዜ የሚሸኘው በቡድሂስት ሥርዓት ነው። መለኪያው የተሠራው ለሌላ ዓይነት እምነት ነው።

ይልቅስ ጸሐፊው በአንድ ቃል የጠቀሷት ቼክ ሪፐብሊክ ቆም ብሎ መታየት አለባት። ከጎረቤቷ ከፖላንድ ጋር አስተያይዋት። ሁለቱም ስላቭ ናቸው፤ ሁለቱም ለዘመናት የካቶሊክ አገር ነበሩ፤ ሁለቱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ40 ዓመታት በላይ በኮሚኒስት አገዛዝ ሥር ቆይተዋል። አንዷ በአውሮፓ እጅግ ዓለማዊ ከሚባሉት አገሮች መካከል ስትሆን ሌላዋ በአህጉሩ እጅግ ሃይማኖተኛ ከሚባሉት ሆና ወጣች። ትምህርት ነው እንዳንል፣ ኮሚኒዝም ነው እንዳንል ሁለቱንም ተጋርተውታል። ልዩነቱ የተፈጠረው ከዚያ በፊት ነው።

የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ እምብርት የሆነችው ቦሔሚያ በካቶሊኮቹ የኦስትሪያ ሃብስበርግ ነገሥታት ላይ ዐምፃ በ1620 በነጭ ተራራ ጦርነት ተሸነፈች። በቀጣዩ ዓመት 27 የዓመፁ መሪዎች በፕራግ አሮጌው አደባባይ ላይ ተገደሉ። ፕሮቴስታንት መኳንንት ወይ ሃይማኖታቸውን ወይ አገራቸውን እንዲለቁ ተገደዱ። በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ እነዚያ ሰዎች በተሠዉበት በዚያው አደባባይ ላይ የድንግል ማርያም ምስል ያለበት ረጅም ዐምድ ተተከለ። ለአማኙ የጸሎት ምልክት ነበር፤ ለብዙ ቼኮች ግን የአሸናፊው ማኅተም ሆኖ ቆየ። ቼኮዝሎቫኪያ ነጻነቷን ያወጀችው ጥቅምት 28 ቀን 1918 ነው። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 3 ቀን፣ ሕዝቡ ገመድ አምጥቶ ዐምዱን ጎትቶ ጣለው። ኮሚኒስቶች ሥልጣን የያዙት 30 ዓመት ቆይተው ነው። ዐምዱ በወደቀ ማግስት በነበሩት ዓመታት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ለቀው ወጡ። ያስወጣቸው የፊዚክስ መጽሐፍ አይደለም፤ ቤተ ክህነት ለሦስት መቶ ዓመት ከባዕድ ቤተ መንግሥት ጋር አንድ ማዕድ መቁረሱ ነው።

ፖላንድ ደግሞ ተቃራኒው ደረሰባት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሦስት ኃያላን ጎረቤቶቿ ተቀራመቷትና ከካርታ ጠፋች። ከወራሪዎቹ አንዷ የኦርቶዶክስ ሩሲያ፣ ሌላዋ የፕሮቴስታንት ፕራሻ ነበረች። ከ120 ዓመታት በላይ መንግሥት ለሌለው ሕዝብ ቋንቋውንና ትውስታውን የያዘችለት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ስለዚህ በሰኔ 1979 ፖላንዳዊው ሊቀ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ አገራቸውን ሲጎበኙ አደባባዮቹ የሞሉት በጸሎት ብቻ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት «ሶሊዳሪቲ» የሠራተኞች ማኅበር ተወለደ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ለእኔ ክርክር በጣም በተመቸኝ ነበር፤ ግን ያኔ ከካቶሊኩ ግማሽ ያህሉ በየእሑዱ ያስቀድስ ነበር፤ ዛሬ የሚያስቀድሰው ከሦስት አንዱ እንኳ አይሞላም። ሀብት አድጓል፤ ጸሐፊው ይህን ሊይዙልኝ ይችላሉ። እኔ ግን ሌላም ነገር አያለሁ፦ ያችው ቤተ ክርስቲያን ከተገፋው ወገን ወጥታ ሕግ ወደሚያስወጣው ወገን ተሻገረች፤ በ2020 በፅንስ ማስወረድ ጉዳይ አደባባይ የወጡት ወጣቶች ቁጣም ከፍርድ ቤቱ አልፎ ቤተ ክርስቲያኒቱ ደጃፍ ድረስ ደረሰ።

መንግሥት በጉልበት ሃይማኖትን ለማጥፋት ሲነሣስ? ጸሐፊው ይህን አንድም ቦታ አያነሡም፤ ዝምታቸው ይገርመኛል። ሶቪየት ኅብረት አብያተ ክርስቲያናትን፣ መስጊዶችንና ምኩራቦችን መዝጋት ከጀመረች ወደ 20 ዓመት በሆናት ጊዜ፣ በጥር 1937 የሕዝብ ቆጠራ አካሄደች፤ በመጠይቁም ላይ የሃይማኖት ጥያቄ ነበረበት። ቆጣሪው ቤት ድረስ መጥቶ «ታምናለህ ወይስ አታምንም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዓመቱ ሰው በአንድ ቃል የሚታሰርበትና የሚረሸንበት ዓመት ነው። በዚያ ፍርሃት መካከል ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ዜጎች ከግማሽ የሚበልጡት «አምናለሁ» አሉ። ውጤቱ እንዳይወጣ ታገደ። ቆጠራውን ከመሩት ባለሙያዎች የታሰሩና የተገደሉ አሉ። በ1939 ቆጠራው ሲደገም የሃይማኖት ጥያቄው ከመጠይቁ ተነሥቶ ነበር። አልባኒያ ከዚህም ገፍታ በ1967 የአምልኮ ቦታዎችን በሙሉ ዘጋች፤ በ1976 ሕገ መንግሥቷም መንግሥት ማንኛውንም ሃይማኖት እንደማያውቅ ደነገገች። በኅዳር 1990 በሽኮደር ከተማ መቃብር ስፍራ ረጅም ዘመን በእስር ያሳለፉ አንድ ካህን በይፋ ቅዳሴ ሲመሩ ሺዎች ተሰበሰቡ። ሳምንታት ሳይቆይ በዚያው ከተማ እንደዚያው በእስር የኖሩ አንድ የእስልምና ሊቅ የጁምዓ ሶላት አሰገዱ። ሁሉም ቦታ እንዲህ ሆነ አልልም፤ የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ዛሬም በዓለም እጅግ ዓለማዊ ከሆኑ አካባቢዎች አንዷ ናት። ይህም ቢሆን «ሲማሩ ይተዉታል» ለሚለው ቀመር አይጠቅምም፤ እዚያ ማስተማር የተባለው በፖሊስ ታጅቦ የመጣ ነውና።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። «ሃይማኖት የጦርነቶች ሁሉ እናት ነው።» ለዚህ ዋና ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ከ1618 እስከ 1648 አውሮፓን ያወደመው የሠላሳው ዓመት ጦርነት ነው። ምርጫቸው ጥሩ ነው፤ ጦርነቱ በካቶሊክና በፕሮቴስታንት መካከል ተጀምሯልና። ግን መሐሉን ከፍተው ይመልከቱት። በጥር 1631 የፈረንሳይ መንግሥት ከስዊድን ጋር ውል ተፈራረመ። የፈረንሳይን ጉዳይ የሚመሩት የካቶሊክ ካርዲናል የሆኑት ሪሼልዩ ናቸው፤ የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ሉተራዊ ናቸው። በውሉ መሠረት ካርዲናሉ ለሉተራዊው ንጉሥ በየዓመቱ 400,000 ታለር ይከፍላሉ፤ ንጉሡም በጀርመን ምድር ጦር ያቆያሉ። የሚወጋው ማንን ነው? የካቶሊኩን የሃብስበርግ ንጉሠ ነገሥት። በ1635 ፈረንሳይ ራሷ በይፋ ከዚያው ወገን ተሰልፋ ገባች። ቀይ ካባ የለበሱ ሰው የካቶሊክ ጦር እንዲሸነፍ ከካቶሊክ ሕዝብ የተሰበሰበ ግብር ሲከፍሉ፣ ይህን ጦርነት የሃይማኖት ብቻ ነው ለማለት ዓይንን በጣም መጨፈን ያስፈልጋል።

ከዚህ ተነሥቼ ሃይማኖት ከደም ንጹሕ ነው አልልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቻይና የተነሣው የታይፒንግ ዓመፅ መሪ ራሱን የኢየሱስ ክርስቶስ ታናሽ ወንድም አድርጎ ያምን ነበር፤ በ14 ዓመታት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን ያላነሰ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ሃይማኖት በጠብ ላይ የሚጨምረው የራሱ መርዝም አለ፤ መሬት ይከፈላል፣ ውኃ ይከፈላል፣ ገንዘብ ይካሳል፤ «ይህች ስፍራ የተቀደሰች ናት» ከተባለ በኋላ ግን ግማሿን ወስዶ ግማሿን መተው እንደ ክህደት ይቆጠራል። ኢየሩሳሌምን ያየ ይህን ያውቃል። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። እርሳቸው የጻፉት ግን «እናት» የሚል ነው። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች እናታቸው ማን እንደሆነች ቢነግሩን ደስ ይለኝ ነበር።

እርቅ የሚባል ነገር በጽሑፋቸው ውስጥ አንዴም አለመነሣቱ ደግሞ ሌላው ጉድለት ነው። ሞዛምቢክ ከ1977 ጀምሮ በርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለቀባት ይነገራል። የፍሬሊሞ መንግሥትና የሬናሞ ዐማፅያን ለመነጋገር የተስማሙት በሮም ከተማ በሳንት ኤጂዲዮ የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር ቤት ውስጥ ነበር። ከሐምሌ 1990 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ ተነጋገሩ። ከአደራዳሪዎቹ መካከል የማኅበሩ መሥራች አንድሪያ ሪካርዲ፣ ቄሱ ማቴዎ ዙፒ፣ የቤይራው ሊቀ ጳጳስ ዣይሜ ጎንሳልቬስና አንድ የጣሊያን መንግሥት ተወካይ ነበሩበት። ማኅበሩ ጦር የለውም፣ ማዕቀብ አይጥልም፣ ወደብም አይፈልግም፤ ተዋጊዎቹ ቃሉን ሊያምኑት የቻሉት በዚሁ ባዶ እጁ ምክንያት ነው። ስምምነቱ ጥቅምት 4 ቀን 1992 ተፈረመ። ሬናሞ በኋላ ዘመን ዳግም መሣሪያ ያነሣበት ጊዜ ቢኖርም ያ ታላቁ እልቂት የቆመው ያን ዕለት ነው።

ሦስተኛው፣ የሳይንስ ጠላትነት። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጋሊሊዮ በ1633 መፈረዱን ማንም አይክድም፤ ቫቲካን ራሷ በ1992 ስሕተት መፈጸሙን አምናለች። ሳልጠቅስ የማላልፈው አንድ ታሪክ ብቻ አለ። የዘር ውርስን ሕግ በአተር ተክሎች ላይ ያገኘው ግሬጎር ሜንዴል መነኩሴ ነበር፤ ሙከራውን ያካሄደውም በብርኖ ከተማ በሚገኘው ገዳሙ ግቢ ውስጥ ነው፤ ውጤቱንም በ1866 አሳተመ። ይህን ሳይንስ በሕግ የከለከለው ማን ነው? ጳጳስ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው የስታሊን ወዳጅ «ሜንዴላዊነት» የቡርዣ ተንኮል ነው ብሎ አስወገዘው፤ የዓለምን የእህል ዘሮች ከየአህጉሩ የሰበሰበው ታላቁ ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ ተይዞ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተዳክሞ ሞተ። በ1948 የጄኔቲክስ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲዎች ተባረረ። አምላክ የለም ባይ መንግሥት የመነኩሴን ሳይንስ አሳደደ። ጋሊሊዮንም ቫቪሎቭንም የጎዳው እንዲህ ያለው ነው፦ አንድን አስተሳሰብ ስሕተት ነው ከማለት አልፎ ተናጋሪውን ለማሰር የሚያስችል ሥልጣን።

አሁን የጽሑፉ ልብ ወደሆነው አራተኛው ነጥብ ደርሻለሁ። «ፈረንሳይን አርአያ እናድርግ፤ ሃይማኖት የግል ጉዳይ ነው፤ ከቤት አይውጣ።» ጸሐፊው የታኅሣሥ 9 ቀን 1905ቱን የፈረንሳይ ሕግ ሁለተኛ አንቀጽ ጠቅሰው ሪፐብሊኩ ለየትኛውም አምልኮ ዕውቅና፣ ደመወዝም ሆነ ድጎማ እንደማይሰጥ አስረድተዋል። ትክክል ነው። ግን አንቀጹ እዚያ ላይ አያበቃም። ቀጥሎ በትምህርት ቤቶች፣ በሕሙማንና በአረጋውያን መጠለያዎች እንዲሁም በእስር ቤቶች ውስጥ ለሚሰጥ መንፈሳዊ አገልግሎት ከመንግሥት በጀት ወጪ ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መውጣት የማይችል ሰው የእምነት አባቱ ሊመጣለት ይገባል። የመጀመሪያው አንቀጽማ የሚጀምረው መንግሥት የኅሊና ነጻነትን እንደሚያረጋግጥና የአምልኮ ነጻነትን እንደሚጠብቅ በመግለጽ ነው። «ከቤት አይውጣ» የሚል ቃል በዚያ ሕግ ውስጥ አላገኘሁም።

በተግባርም ቢሆን ፈረንሳይ ጸሐፊው የሣሏትን አትመስልም። ከ1905 በፊት የተሠሩት ካቴድራሎች የመንግሥት ንብረት ናቸው፤ በሚያዝያ 2019 የተቃጠለው የፓሪሱ ኖትር ዳም ባለቤትም ያው ዓለማዊ መንግሥት ነው። የ1959ኙ ሕግ ከመንግሥት ጋር ውል የገቡ የግል ትምህርት ቤቶች መምህራን ደመወዝ በመንግሥት እንዲከፈል አድርጓል፤ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች እጅግ አብዛኞቹ ካቶሊካውያን ናቸው። ከሁሉ የሚያስቀው ግን አልዛስና ሞዜል ነው። የ1905ቱ ሕግ ሲወጣ ይህ አካባቢ በጀርመን እጅ ነበር፤ ስለዚህ ሕጉ አልደረሰበትም። ወደ ፈረንሳይ ሲመለስም ናፖሊዮን በ1801 ከሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጋር የተዋዋለው ስምምነት እንዳለ ቀረለት። ዛሬም በስትራስቡርግና በሜስ የካቶሊክ ቄሶች፣ የፕሮቴስታንት መጋቢዎችና የአይሁድ ረቢዎች ደመወዛቸውን ከመንግሥት ይቀበላሉ፤ የሁለቱ ከተሞች ጳጳሳትም የሚሾሙት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት በሚፈርሙት ድንጋጌ ነው። ጸሐፊው አርአያ ይሁን ያሉት የትኛው የፈረንሳይ ክፍል እንደሆነ ቢገልጹልን መልካም ነበር።

ሌላው ዓለምም በአንድ ቅርጫት የሚገባ አይደለም። ቱርክ ዓለማዊ ሪፐብሊክ ተብላ ከ1924 ጀምሮ ዲያኔት የሚባል የሃይማኖት ጉዳዮች መሥሪያ ቤት አላት፤ ኢማሞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ የጁምዓ ስብከት ከማዕከል ተዘጋጅቶ ይላክላቸዋል። ሃይማኖትን ከአደባባይ ማስወጣት ሲሉት የነበረው፣ ውሎ አድሮ መንግሥት በሚንበሩ (በመስጊዱ መስበኪያ) ላይ መውጣት ሆነ። እንግሊዝ ደግሞ የታወጀ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አላት፤ 26 ጳጳሳት በላይኛው ምክር ቤት ይቀመጣሉ፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ግን የሚታየው ባዶ ወንበር ነው። ሕዝቧ ከ90 በመቶ በላይ ሙስሊም የሆነው ሴኔጋል ከ1960 እስከ 1980 በካቶሊኩ ሌኦፖልድ ሴንጎር ስትመራ ትልልቆቹ የሱፊ ጣሪቃ (የእስልምና መንፈሳዊ ማኅበራት) መሪዎች ደጋፊያቸው ነበሩ። በ1962 ሴንጎር ከጠቅላይ ሚኒስትራቸው ከማማዱ ዲያ ጋር ሲጋጩ ሸኾቹ የቆሙት ሙስሊም ከሆነው ከዲያ ጎን ሳይሆን ከካቶሊኩ ጎን ነው። የመቻቻል ተረት አድርጌ አላቀርበውም፤ ዲያ ያቀደው የለውዝ እርሻና ንግድ ማሻሻያ የሸኾቹን ጥቅም የሚነካ ነበር። ሃይማኖት በአደባባይ ሲታይ እንዲህ ነው፤ እምነትም፣ ዝምድናም፣ የኪስ ነገርም አብረው ይሄዳሉ።

«ከቤት አይውጣ» የሚለው ጥሪ ማንን እንደሚጠቅም ደግሞ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በታኅሣሥ 1955 በአሜሪካ የሞንጎመሪ ከተማ ጥቁር ነዋሪዎች የዘር መለያየትን በመቃወም የጀመሩትን የአውቶቡስ እቀባ ለመቀጠል የወሰኑት በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ነው፤ መሪያቸው የ26 ዓመቱ መጋቢ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር። እቀባው 381 ቀናት ቆየ። ያኔ «ሰባኪ ስብከቱን ይያዝ፣ ፖለቲካ ውስጥ አይግባ» እያሉ የሚከራከሩት እነማን ነበሩ? በቨርጂኒያ ጄሪ ፎልዌል የተባለው ነጭ ሰባኪ በመጋቢት 1965 በጥቁሮች የመብት ሰልፍ የሚሳተፉትን መጋቢዎች የነቀፈው በዚሁ ቃል ነው፤ ሰባኪ የተጠራው ነፍስ እንዲያድን እንጂ ፖለቲከኛ እንዲሆን አይደለም አለ። በ1979 ይኸው ሰው «የሞራል ብዙኃን» የተሰኘ የፖለቲካ ድርጅት መሥርቶ ለሮናልድ ሬገን መመረጥ ተንቀሳቀሰ። ሃይማኖት ቤት ይዋል የሚለው መርሕ ብዙውን ጊዜ «የእኔን ተቃዋሚ ሃይማኖት ቤት አስቀምጡልኝ» ማለት ሆኖ ያርፋል። ጸሐፊው ይህን አላሰቡም አልልም፤ ግን ሕጋቸው በሞንጎመሪ ቢሠራበት ኖሮ ማን ዝም ይል እንደነበር ሊነግሩን ይገባል።

የመጨረሻው ነጥብ የሃይማኖት ተቋማትን ይመለከታል፤ «መንግሥት ትምህርት ቤቶቻቸውንና የሕፃናት ማሳደጊያዎቻቸውን ይረከብ።» የጠቀሱት ምሳሌ አየርላንድ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ምሳሌዎች ሁሉ የጠነከረውም ይኸው ነው። በግንቦት 2009 ይፋ የሆነው የምርመራ ኮሚሽን ሪፖርት በካቶሊክ መነኮሳት ማኅበራት ይተዳደሩ በነበሩ «የኢንዱስትሪ ትምህርት ቤቶች» (ድሃና አሳዳጊ ያጡ ሕፃናት እየኖሩ በሚማሩባቸው ተቋማት) ውስጥ ሕፃናት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መደብደባቸውን፣ መራባቸውንና መደፈራቸውን አረጋግጧል። እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያኒቱን የምከላከልበት ቃል የለኝም፤ የሚከላከል ሰው ካለም ሪፖርቱን ያንብብ።

ነገር ግን ያው ሪፖርት ጸሐፊው ያላነሡትን ግማሽም ይዟል። ሕፃናቱን ወደ እነዚህ ቤቶች የላካቸው ፍርድ ቤት ነው። ገንዘቡን የከፈለው መንግሥት ነው፤ አከፋፈሉም በሕፃን ራስ ስለነበረ ለተቋሙ የሚበጀው ብዙ ሕፃን ይዞ ማቆየት ነበር። የመቆጣጠር ግዴታ የነበረበት የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ኮሚሽኑም መሥሪያ ቤቱ ለማኅበራቱ የነበረው የአጎንባሽነት መንፈስ የቁጥጥር ሥራውን እንዳሽመደመደበት ጽፏል። የ1937ቱ ሕገ መንግሥት ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሰጠው «ልዩ ስፍራ» በ1972 ሕዝበ ውሳኔ እስኪነሣ ድረስ በአየርላንድ አንድ ተራ ተቆጣጣሪ የመነኮሳትን በር በጥርጣሬ ማንኳኳት ከባድ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ10 የአየርላንድ ካቶሊኮች 9ኙ ያህል በየሳምንቱ ያስቀድሱ ነበር፤ ዛሬ ያ ሕዝብ የት እንዳለ የሚያውቅ ያውቃል። ያስኮበለለው ሀብት ብቻ ነው የሚል ሰው ከተጎጂዎቹ አንዱን እንኳ ሰምቶ አያውቅም።

ስለዚህ «መንግሥት ይረከብ» የሚለው መፍትሔ፣ ሕፃኑን የላከውን፣ በራስ ቆጥሮ የከፈለውንና ሳይመለከት ያለፈውን ያንኑ አካል ብቻውን በሩ ላይ ማቆም ነው። የሶቪየት የሕፃናት ማሳደጊያዎችም ሆኑ የቻውሼስኩ ሩማንያ የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ካህን አልነበራቸውም፤ በ1989 መጨረሻ አገዛዙ ወድቆ የሩማንያዎቹ በሮች ሲከፈቱ ዓለም ያየውን ሁላችንም እናስታውሳለን። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ፣ ለማስፈጸም ግን የከበደ ነው፦ በመስቀልም ይተዳደር በጨረቃ ወይም በባንዲራ፣ ልጅ የሚያድርበት ቤት ሁሉ ሳይነገረው የሚመጣ ተቆጣጣሪ ይኑረው፤ ተቆጣጣሪው ደመወዙን ከዚያ ቤት ወይም ከዚያ ቤት ወዳጅ አያግኝ፤ የጻፈው ሪፖርት ደግሞ ሚኒስትሩ መሳቢያ ውስጥ ሳይቀበር በዓመቱ ይታተም። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው በዚህ ላይ ቢመልሱልኝ ክርክሩን በደስታ እቀጥላለሁ።